የካዝናው ቁልፍ በማን እጅ ነው? ስለ ፓስወርድ አያያዝ ለጀመዓው የቀረበ ንግግር



ዛሬ ይዘን የቀረብነው ርዕስ ለዚህ መድረክ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ስለ ፓስወርድ ነው። «ይህ የወጣቶች ጉዳይ ነው» ብላችሁ ለመነሳት ያሰባችሁ አባቶች ካላችሁ ጥቂት ታገሱን። የጀመዓው አማና ዛሬ የት እንደተቀመጠ አብረን እንመልከት። የመስጂዱ የግንባታ መዋጮ በሞባይል ባንክ ይገባል፣ ይወጣል። የመድረሳ ልጆች ስም ዝርዝርና የወላጆቻቸው ስልክ ቁጥር በአንድ ወንድም ጂሜይል ውስጥ ተቀምጧል። መግለጫችን የሚወጣበት የፌስቡክ ገጽ አለ፣ ጀመዓው የሚጠራራበት የቴሌግራም ግሩፕ አለ። እነዚህ ሁሉ በር አላቸው። የበሩም ቁልፍ ጥቂት ፊደላትና ቁጥሮች ናቸው።

ገጽ ሲሰረቅ የሚጠፋው ፎቶና ጽሑፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጊዜያችሁን ባልወሰድን ነበር። የተሰረቀ ገጽ ግን በስማችን ይናገራል። «ነገ ከጁሙዓ በኋላ እዚህ ቦታ ተሰብሰቡ» ቢል ሰው አምኖ ይወጣል። «ለተቸገሩ ቤተሰቦች በዚህ ሒሳብ አስገቡ» ቢል እናቶቻችን ከጉሮሯቸው ነጥለው ያስገባሉ። ግሩፑ ውስጥ ያለውን የአባላት ዝርዝር ያገኘ ሰው ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ ቁጭ ብሎ ያነባል። አንዱ ወንድም «እኔ የምደብቀው ነገር የለኝም» ቢል እንኳ በእሱ ስልክ ውስጥ ያለው የእሱ ብቻ አይደለም።

በተደጋጋሚ የሚቀርቡልን ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። ይህን ሁሉ ፓስወርድ የት እናስቀምጠው? ፓስወርድ ማኔጀር የሚባሉትን አፖችስ እንመናቸው? ሁለተኛውን የሚጠይቁ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነገር ይጨምራሉ፤ «ሁሉንም ቁልፍ ለአንድ ለማላውቀው ኩባንያ መስጠት ራስን በራስ አሳልፎ መስጠት አይደለም ወይ?» ይላሉ። ጥያቄው የብልህ ጥያቄ ነው። ስለዚህ በአንድ ቃል «አዎ» ወይም «አይ» ብለን አንሸኘውም።

መጀመሪያ ፓስወርድ እንዴት እንደሚሰረቅ እንወቅ። ብዙዎቻችን አንድ ክፉ ሰው ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብሎ የእኛን ፓስወርድ ሲገምት ነው የሚታየን። እንዲህ ያለ ሰው የለም አንልም፤ በተለይ በቅርብ የሚያውቀን ሰው ሊሆን ይችላል። ትልቁ ዘረፋ ግን የሚጀምረው ከድርጅቶቹ መጋዘን ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ሮክዩ የተባለ ድርጅት የ32 ሚሊዮን ተጠቃሚዎቹ ፓስወርድ ተሰረቀበት። ፓስወርዶቹን ያስቀመጣቸው ሳይመሰጥር፣ እንዲሁ በግልጽ ጽሑፍ ነበር። ዝርዝሩ ሲወጣ ከሁሉ የበዛው ፓስወርድ 123456 ሆኖ ተገኘ፤ ከ290 ሺህ በላይ ሰዎች የመረጡት እሱን ነበር። ሊንክድኢን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 ተዘረፈ። መጀመሪያ 6.5 ሚሊዮን ያህል ተባለ፤ ከአራት ዓመት በኋላ ግን ከ100 ሚሊዮን በላይ ሰዎች መረጃ ለሽያጭ ቀረበ። ፌስቡክ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2019 በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ፓስወርዶችን በግልጽ ጽሑፍ በውስጥ መዝገቦቹ አስቀምጦ መገኘቱን አምኗል።

በጥንቃቄ የሚሠራ ድርጅት ፓስወርዳችሁን እንዳለ አያስቀምጠውም። ፈጭቶ ነው የሚያስቀምጠው። ስንዴ አንዴ ዱቄት ከሆነ ተመልሶ ስንዴ አይሆንም። በገባችሁ ቁጥር የጻፋችሁትን እንደገና ይፈጭና ዱቄቱን ከዱቄቱ ጋር ያስተያያል። ሌባው ዱቄቱን ቢያገኝም ወዲያው አያነበውም፤ ነገር ግን በሚሊዮን የሚቆጠሩ የተለመዱ ቃላትን በራሱ ማሽን እየፈጨ የማንኛው ዱቄት ከየትኛው ጋር እንደሚገጥም ይፈልጋል። ለዚህ መፍትሔው በእያንዳንዱ ሰው ፓስወርድ ላይ የተለየ ጥቂት ነገር ጨምሮ መፍጨት ነው። ባለሙያዎች ይህን ጭማሪ «ጨው» ይሉታል። ሊንክድኢን ያኔ ጨው አላደረገበትም ነበር።

እኛን የሚመለከተው ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ሌባው ከአንድ ቦታ ያገኘውን ኢሜይልና ፓስወርድ ይዞ በሌሎች በሮች ሁሉ ይሞክረዋል፤ ፌስቡክ ላይ፣ ጂሜይል ላይ፣ ባንክ ላይ። ይህን የሚያደርግለት ማሽን ስለሆነ አይደክመውም። ስለዚህ ትልቁ በሽታችን የፓስወርዱ ማጠር ብቻ አይደለም። አንዱን ቁልፍ ለሁሉም በር ማድረጋችን ነው። ከዓመታት በፊት ለእግር ኳስ ውርርድ ወይም ለአንድ ተራ ጨዋታ የከፈታችሁት አካውንት ሲዘረፍ፣ ፓስወርዱ አንድ ከሆነ፣ የመስጂዱም ገጽ አብሮ ተዘርፏል ማለት ነው። ስለ ውርርዱ ሌላ ቀን እንነጋገራለን።

ስለ አመራረጥም አንድ ነገር እንበል። ከእኛ መካከል «ቢስሚላህ» የሚለውን ቃል ከቁጥር ጋር ያደረገ፣ 786ን ደጋግሞ የጻፈ፣ የልጁን ስምና የተወለደበትን ዓመት ያጣመረ፣ ወይም የራሱን ስልክ ቁጥር ያደረገ ስንቱ ነው? እጅ እንድታወጡ አንጠይቅም። «ቢስሚላህ»ም ሆነ 786786 ከዓለም ዙሪያ ከተሰረቁት ዝርዝሮች ውስጥ አሉ። በላቲን ፊደል መጻፋቸው ወይም አንዱን ፊደል በቁጥር መተካት አያድናቸውም። ሃኪንግ ቲም የተባለው የጣሊያን የስለላ ሶፍትዌር ሻጭ እ.ኤ.አ. በ2015 ራሱ ተዘርፎ ሰነዱ ሁሉ አደባባይ ሲወጣ፣ ከመሐንዲሶቹ አንዱ ይጠቀምበት የነበረው «ፓስወርድ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል አንዱን ፊደል በ4 ተክቶ ነበር። የሰው ቁልፍ እየሰበረ የሚሸጥ ድርጅት ባለሙያ እንዲህ ካደረገ እኛን የሚወቅስ ብዙ አይኖርም፤ ግን ሌባው አይራራም።

አሁን ፓስወርዶቻችን የት እንዳሉ እንይ። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆያለን፤ ምክንያቱም ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የሚመጣው ምክር ይህን አያውቀውም።

የብዙ እናቶቻችንና አባቶቻችን ፓስወርድ ያለው ሞባይል ቤት ነው። አዲስ ስልክ ይገዛል፤ ስልኩ ጂሜይል ይጠይቃል፤ የሱቁ ልጅ በደቂቃ ውስጥ ይከፍትላቸዋል። ፓስወርዱን እሱ ይመርጣል፤ ለደንበኛው ሁሉ አንድ ዓይነት የሚያደርግም አለ። ልጁ ክፉ ላይሆን ይችላል፤ አብዛኞቹ እንጀራቸውን የሚያበስሉ ታታሪ ወጣቶች ናቸው። ነገር ግን እናታችን የኢሜይላቸውን ስም እንኳ አያውቁትም። ስልኩ የወደቀ ወይም የተሰረቀ ዕለት ፎቶው፣ የተመዘገበው ስልክ ቁጥር፣ በዚያ ኢሜይል የተከፈተው ፌስቡክ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ኢሜይል የቁልፎች ሁሉ ቁልፍ መሆኑን እዚህ ላይ ያዙልን። የማንኛውም አካውንት ፓስወርድ ሲጠፋ «ረሳሁት» ስትሉ አዲሱ መክፈቻ የሚላከው ወደ ኢሜይላችሁ ነው። ኢሜይሉን የያዘ ሰው ሌላውን መገመት አያስፈልገውም። ስለዚህ ልጆች ዛሬ ማታ ከእናታችሁ ጎን ተቀመጡና የጂሜይላቸውን ስም ፈልጋችሁ ጻፉላቸው፤ ፓስወርዱንም እሳቸው ራሳቸው በመረጡት ቀይሩላቸው።

ሁለተኛው የእህቶቻችን ጉዳይ ነው። በሳዑዲ፣ በኢማራትና በኩዌት የሚሠሩ እህቶቻችን ፌስቡካቸውንም ቴሌግራማቸውንም የሚከፍቱት በዚያው አገር ሲም ነው። ሥራው ሲያልቅ ወይም በድንገት ሲመለሱ ያ ቁጥር እዚያው ይቀራል። ሳይሞላ ሲቆይ ኩባንያው ይዘጋውና ከጊዜ በኋላ ለሌላ ሰው ይሸጠዋል። የማረጋገጫው ኮድ ግን አሁንም የሚሄደው ወደዚያ ቁጥር ነው። እህታችን የዓመታት ፎቶዋና የሰው አድራሻዋ ያለበት በር ደጃፍ ላይ ቆማ ቁልፉ ባሕር ማዶ ሰው ኪስ ውስጥ ሆኖ ይቀራል። ከመመለሳችሁ በፊት፣ ሲሙ በእጃችሁ እያለ፣ ቁጥሩን በአገር ቤት ቁጥር ወይም በምታምኑት የቤተሰብ ቁጥር ቀይሩት። ጉግል ደግሞ የመጠባበቂያ ኮዶች የሚላቸው 10 ቁጥሮች ይሰጣል፤ እያንዳንዳቸው 8 አሃዝ ናቸው፤ አንዱ አንዴ ብቻ ይሠራል። በወረቀት ጽፋችሁ ያዟቸው። ሲም ባይኖርም በእነሱ ይገባል። ይህን መልእክት እዚያ ላሉት አስተላልፉልን።

ሦስተኛው ቦታ ስልኩ ራሱ ነው። ኖት ላይ የጻፈ፣ ቴሌግራም ላይ ለራሱ የላከ፣ ፎቶ አንስቶ ያስቀመጠ ብዙ ነው። ስልኩን ለአፍታ የተቀበለ ሰው «ፓስወርድ» ብሎ ቢፈልግ ያገኘዋል።

ታዲያ ደብተርስ? ብዙ ሰው «በወረቀት አትጻፉ» ተብሎ ተነግሮታል። እኛ የምንለው ሌላ ነው። ባሕር ማዶ ያለ ሌባ ሳጥናችሁ ውስጥ ያለውን ደብተር አያነብም። ለእናታችን፣ ስማርት ስልክ ለከበዳቸው አባት፣ ሦስትና አራት አካውንት ብቻ ላለው ሰው፣ ከቤት የማይወጣ ደብተር ለሁሉም አንድ ፓስወርድ ከማድረግ እጅግ ይሻላል። ነገር ግን ደብተሩ ላይ «የፌስቡክ ፓስወርድ» የሚል ርዕስ አይጻፍበት፤ ከስልኩ ጋር በአንድ ቦርሳ አይዞር፤ የባንክ ፒን ጭራሽ አይጻፍበት። ደብተር ድክመቱ ሌላ ነው። ቤት የሚፈተሽበት ሰው፣ ቤቱ ሰው የሚበዛበት፣ ወይም የጀመዓ ኃላፊነት ያለበት ወንድም በደብተር መተማመን የለበትም፤ ያገኘው ሰው ሁሉ ያነበዋልና። ደብተር ቅጂ የለውም፤ እሳትና ጎርፍም አያልፈውም።

እዚህ ላይ ነው ፓስወርድ ማኔጀር የሚመጣው። ነገሩ ካዝና ነው። የእያንዳንዱን አካውንት ረጅምና የማይገመት ፓስወርድ ራሱ ይፈጥራል፣ ይይዛል፤ እናንተ የምታስታውሱት የካዝናውን አንድ ዋና ቁልፍ ብቻ ነው። በደንብ የተሠራ ካዝና የሚመሰጠረው እናንተው ስልክ ላይ፣ በእናንተው ዋና ቁልፍ ነው። ወደ ኩባንያው ቢላክም የሚሄደው የተቆለፈው ሳጥን ነው፤ ቁልፉ አብሮ አይሄድም። ስለዚህ «ኩባንያውን ልመነው?» ከሚለው ይልቅ «ኩባንያው ቢፈልግ ሊከፍተው ይችላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ዋናውን ቁልፍ ብረሳ ድርጅቱ ብቻውን፣ እኔ ቀድሜ ያዘጋጀሁት ነገር ሳይኖር፣ ሊከፍትልኝ የሚችል ከሆነ ቁልፉ እሱ ዘንድ አለ ማለት ነው። ለእኔ የሚከፍት ለሌላም ይከፍታል።

ሌላ ብዙ ሰው የማያስተውለው ጥቅም አለው። አንድ ሰው ፌስቡክን የሚመስል የውሸት ገጽ ሠርቶ «ገጻችሁ ሊዘጋ ነው፣ እዚህ ግቡ» ብሎ ሊንክ ቢልክ፣ የሰው ዓይን መልኩን አይቶ ይታለላል። ማኔጀሩ የሚያየው መልኩን ሳይሆን አድራሻውን ነው። አድራሻው አንድ ፊደል ከተለየ ፓስወርዱን ራሱ አይሞላላችሁም። ሁልጊዜ የሚሞላው ዛሬ ዝም ካለ ቆም በሉ፤ በእጃችሁ ልትጽፉለት አትቸኩሉ።

አሁን ወደ ፍርሃቱ እንምጣ። ፍርሃቱ ከባዶ የመጣ አይደለም። ላስትፓስ በዘርፉ ከታወቁት አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሌቦች መጀመሪያ ሶፍትዌሩ ወደሚሠራበት ክፍል ገቡ። ከዚያም ከጥቂቶቹ ከፍተኛ ባለሙያዎቹ የአንዱን የቤት ኮምፒውተር፣ ፊልምና ሙዚቃ በሚከፍት ሶፍትዌር ቀዳዳ በኩል ሰብረው፣ ሲጽፍ የሚጽፈውን ሁሉ የሚቀዳ ፕሮግራም ተከሉበት። በእሱ ቁልፍ የደንበኞችን ካዝና መጠባበቂያ ቅጂ ወሰዱ። ኩባንያው ይህን ለሕዝብ የተናገረው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ነው። የተወሰዱት ሳጥኖች ተቆልፈው ነበር፤ ሆኖም የድረ ገጾቹ አድራሻ አልተመሰጠረም ነበር። ማን የት አካውንት እንዳለው ሌባው ማንበብ ቻለ። ለእንደኛ ዓይነቱ ጀመዓ ይህ ብቻውን ቀላል ጉዳት አይደለም።

የቀረው ጉዳት በሰው በሰው ተለያየ። ዋና ቁልፉ ረጅምና የማይገመት የነበረ ሰው ሳጥኑ ቢሰረቅም አልተከፈተም። አጭር ወይም ሌላ ቦታ የተጠቀመበትን ያደረገ ሰው ግን ሳጥኑ ሌባው ቤት ነው፤ ሌባው ደግሞ ዓመታት ጊዜ አለው፤ «ሦስት ጊዜ ተሳስተሃል» ብሎ የሚከለክለው የለም። ያኔ ፓስወርድ መቀየር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፣ ሳጥኑ ውስጥ ያሉትን ሁሉ አንድ በአንድ፣ ከኢሜይል ጀምሮ መቀየር ግድ ይሆናል።

እንግዲህ የእኛ አስተያየት ይህ ነው፤ ፓስወርድ ማኔጀር ይታመናል፣ ሳጥኑ አንድ ቀን ይሰረቃል ብሎ ለተዘጋጀ ሰው። ዋና ቁልፉን 123456 ሊያደርግ ያሰበ ሰው ደብተሩን ይያዝ።

የትኛውን? ማስታወቂያ አንሠራም፤ ከማንም የምንቀበለው የለም። ሁለት ዓይነት እንዳለ ግን እወቁ። አንደኛው ሳጥኑን ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጥ ነው፤ ቢትዋርደን ከእነዚህ አንዱ ነው፤ የሶፍትዌሩ ኮድ ለማንም ባለሙያ እይታ ክፍት ነው፣ ያለ ክፍያም ይሠራል። ስልክ ቢጠፋ በሌላ ስልክ ገብቶ ማውጣት ይቻላል። ሁለተኛው ሳጥኑን በስልክ ወይም በኮምፒውተር ላይ እንደ አንድ ፋይል የሚያስቀምጥ ነው። ኪፓስ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፤ ለአንድሮይድ ኪፓስ ዲኤክስ የተባለ አለ። ኮዱም ክፍት ነው። ለእኛ አገር ሰው ይህ አንድ ትልቅ ነገር አለው። በሰኔ 2012 ዓ.ም መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ለሦስት ሳምንታት ያህል መቆየቱን ሁላችን እናስታውሳለን። ፋይሉ ስልክ ላይ ላለ ሰው ኔት መጥፋቱ ካዝናውን አይዘጋበትም። ነገር ግን ፋይሉን በፍላሽ ገልብጦ ሌላ ቦታ ያላስቀመጠ ሰው ስልኩ ሲጠፋ ሁሉንም ያጣል። የኢንተርኔቱም ዓይነት አንዴ ከገባችሁ በኋላ ቅጂ ስልክ ላይ ሊያቆይ ይችላል፤ በአዲስ ስልክ ለመጀመር ግን ኔት ይፈልጋል።

ጉግል ስልኩ ላይ «ፓስወርዱን ላስቀምጥልህ?» የሚለውስ? ለተራ አካውንት፣ ሁሉም ቦታ አንድ ከመጠቀም ይሻላል። ግን ጥበቃው የጂሜይላችሁና የስልካችሁ መቆለፊያ ያህል ነው። ስልኩን ሳይቆልፍ ለሚያዞር ሰው ካዝናው በሩ ተከፍቶ የቆመ ነው። ልጆቻችን ቴሌግራም ላይ በፋይል የሚላላኩትን «ያለ ክፍያ የተከፈተ» አፕ ደግሞ ፈጽሞ አትጫኑ። ማን እንደነካካው የማይታወቅ ካዝና ውስጥ ቁልፍ አይቀመጥም።

ስለ ዋናው ቁልፍ። ረጅም ይሁን፣ በዕጣ ይመረጥ። አርኖልድ ራይንሆልድ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣው መንገድ አለ። ዳይስ አምስት ጊዜ ይጣላል፤ የወጣው ቁጥር 7,776 ቃላት ካሉበት ዝርዝር አንዱን ያመለክታል፤ እንዲህ ስድስት ቃል ይመረጣል። የሚወጣው አማራጭ ከ200 ሺህ ቢሊዮን ቢሊዮን ይበልጣል። ባለ 4 አሃዝ ፒን 10,000 አማራጭ ብቻ እንዳለው አስቡ። ዳይስ የቁማር ዕቃ ነው ብሎ መንካት ለሚከብደው ወፍራም የአማርኛ መዝገበ ቃላት ይበቃዋል፤ ሳያይ ይገልጣል፣ ሳያይ ጣቱን ያሳርፋል። ለምሳሌ «ጀበና፣ ድልድይ፣ ጥጥ፣ መሰላል፣ ቅዳሜ፣ ሸንበቆ» ሊወጣ ይችላል። ይህን አሁን የሰማችሁትን አትጠቀሙበት። ቃላቱን እናንተ አትምረጡ፤ ሰው ሲመርጥ የሚወደውን ይመርጣል፣ የሚወደውን ደግሞ የሚያውቁት ብዙ ናቸው። የታወቀ ዱዓ ወይም የነሺዳ ስንኝም አይሁን። በላቲን ፊደል የምትጽፉት ከሆነ «ጥ»ን በምን ፊደል እንደምትጽፉ፣ «ሸ»ን በስንት ፊደል እንደምትጽፉ መጀመሪያውኑ ወስኑና አትለዋውጡት። ቃሉን እያስታወሰ አጻጻፉ ጠፍቶበት ከራሱ ካዝና ውጭ የሚቆም ሰው አለ። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በወረቀት ጽፋችሁ ያዙት፤ ሲለመድ ወረቀቱን አርቃችሁ፣ ታሽጎ፣ አስቀምጡት።

ፓስወርድ ብቻውን አይበቃም። ቴሌግራም ላይ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚለውን ክፈቱ። እሱ ከሌለ በኤስ ኤም ኤስ የሚመጣውን ኮድ ያገኘ ሰው ይገባል። «በስህተት ወደ አንቺ ኮድ ልኬ ነበር፣ እስኪ ንገሪኝ» የሚል መልእክት ከወንድማችሁ ቁጥር ቢመጣ እንኳ አትስጡ። የወንድማችሁ አካውንት ቀድሞ ተወስዶ ሊሆን ይችላልና። ደውላችሁ ድምፁን ስሙ።

አንድ የማናልፈው ነገር አለ። ስልኩ ራሱ ውስጡ ሌባ ካለበት ካዝናው አያድንም። በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ዘገባ፣ በታኅሣሥ 2013 በውጭ አገር የሚገኙ የኢሳት ጋዜጠኞች በስካይፕ የተላከላቸው ፋይል የሃኪንግ ቲም የስለላ ሶፍትዌር እንደነበረበት አሳይቷል። እንዲህ ያለው ሶፍትዌር የሚጻፈውን ፊደል በፊደል ይቀዳል። ዋናውን ቁልፍ ስትጽፉ አብሮ ይጽፋል ማለት ነው። ስለዚህ ያልጠበቃችሁትን ፋይል፣ ከምታውቁት ሰው ቢመጣም፣ ጠይቃችሁ ካልሆነ አትክፈቱ። የስልኩን ማሻሻያ ሲጠይቃችሁ አትዝለሉት። «ክፈት» ተብሎ የታዘዘ ሰውንም የሚያድን ሶፍትዌር የለም። የጀመዓው ሁሉ ቁልፍ በአንድ ወንድም ስልክ አብሮት አይዙር የምንለው ለዚህ ነው።

ይህ ደግሞ ወደ ኮሚቴዎቻችን ይወስደናል። የመስጂዱ ገጽ ፓስወርድ አንድ ሆኖ ለሰባት ሰው መሰጠቱ አማና አይደለም፤ ማን ምን እንዳደረገ አይታወቅም፣ አንዱ ሲወጣም ሁሉም መቀየር አለበት። በአንድ ሰው ጭንቅላት ብቻ መሆኑም አማና አይደለም። ያ ሰው ቢታመም፣ ቢታሰር፣ ወደ አኼራ ቢሄድ ገጹ አብሮት ይሄዳል። ፌስቡክም ቴሌግራምም እያንዳንዱ ሰው በራሱ አካውንት አስተዳዳሪ እንዲሆን ያስችላሉ። ቢያንስ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ታማኝ ሰዎች ይሁኑ፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁልፍ ይኑራቸው። የገጹ መክፈቻ ኢሜይል የግለሰብ ሳይሆን ለጀመዓው የተከፈተ ይሁን፤ የእሱ ፓስወርድና የመጠባበቂያ ኮዶቹ በፖስታ ታሽገው፣ በማሸጊያው ላይ ሁለት ሰው ፈርሞ፣ ከመስጂዱ ውጭ በታመነ እጅ ይቀመጡ። ፖስታው ተከፍቶ ከተገኘ በዚያው ቀን ይቀየራል።

በየቤታችንም እንዲሁ ነው። ዕዳና አደራ ያለበት ሰው ወሲያውን ሲጽፍ ስልኩን አይርሳ። የሰው ገንዘብ በሞባይል ሒሳቡ ላይ ይዞ የሞተ ሰው ወራሾቹ ያን አደራ መኖሩን እንኳ አያውቁም። ፒኑን ጽፎ መተው አይጠበቅበትም፤ የትኛው ባንክ፣ የትኛው ቁጥር፣ የማን ገንዘብ እንደሆነ መጻፍ ይበቃል። ወራሾች በሕጉ መሠረት ባንኩን ይጠይቃሉ።

ከኢሻ በኋላ ወንድሞች በግቢው በስተቀኝ፣ እህቶች በሴቶች ክፍል፣ የሚያግዙ ወጣቶች ይጠብቋችኋል። የጂሜይላችሁን ስም ለማወቅ፣ ቁጥር ለመቀየር፣ የቴሌግራምን ሁለተኛ ደረጃ ለመክፈት ያሳዩዋችኋል። እነሱ በቃል ይነግሯችኋል፣ እናንተ በእጃችሁ ትነካላችሁ። ስልካችሁን ተቀብሎ ልሥራልህ የሚል ካለ፣ ከእኛም ቢሆን፣ አትስጡት። ፓስወርዱን ስትጽፉም ፊቱን ካላዞረ እናንተ ዙሩ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።